በ«እሺ» የተዘጋብኝ በር

ማንበብ አትችልም ተብዬ ከአንድ ቤት ተከለከልኩ። ቤቱ ማንበብ የተማርኩበት ቤት ነው።

ነገሩ የሆነው ባለፈው ክረምት ነው። የአገር ቤቱን ክረምት ማለቴ አይደለም። የኦሃዮን ነው፣ በረዶው መኪና ማቆሚያው ዳር ተከምሮ ጥቁር እስኪሆን የሚከርምበትን። እስከ ዛሬ ከሐሳቤ ያልወጣው በደሉ ትልቅ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ማን እንደበደለኝ በደንብ ስለማላውቅ ነው። አንዳንድ ቀን ልጅቷ ነች እላለሁ። አንዳንድ ቀን ኮምፒውተሩ ነው እላለሁ። አንዳንድ ቀን ደግሞ አንዲት የአማርኛ ቃል። እንደሆነው እጽፈዋለሁ፣ አንባቢ ይፍረድ።

ስሜ ደመቀ ነው። ኮሎምበስ ከመጣሁ ብዙ ዓመት ሆነኝ። መጀመሪያ ፖላሪስ አንድ ሱቅ ውስጥ ወለል እወለውል ነበር፣ አሁን ኒው አልባኒ ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ ካርቶን እጭናለሁ። የመጣሁት ሱዳን ካለ የስደተኛ ካምፕ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ግን እዚሁ ኮሎምበስ ነው፣ ጎልምሼ፣ ፀጉሬ መሸበት ከጀመረ በኋላ፣ እትዬ አስካለ ወጥ ቤት ውስጥ።

እትዬ አስካለ ከኔ ሥር ነው የሚኖሩት፣ ታችኛው ፎቅ። ወጣት ሳሉ አገር ቤት መሠረተ ትምህርት ያስተምሩ ነበር። እህቴ መልእክት በጻፈችልኝ ቁጥር ስልኬን ይዤ እወርድና ያነቡልኝ ነበር። አንድ ቀን ስልኩን መልሰው እጄ ላይ አስቀመጡና «ከዛሬ ወዲያ አላነብልህም። በእህትህ ገመና ውስጥ እኔ ምን ቤት ነኝ? ቁጭ በል» አሉ። ቁጭ አልኩ።

ጥብቅ ነበሩ። የቃሉን መጀመሪያ አይቼ ቀሪውን ከራሴ ስጨርስ ጠረጴዛውን በማንኪያ ይመቱታል። «አንብብ እንጂ አትገምት» ይሉኛል። ለእህቴ በራሴ እጅ የመጀመሪያውን መልእክት ስጽፍ ከጎኔ ነበሩ። እህቴ «ማን ነው የጻፈልህ?» ብላ መለሰች። እትዬ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ልክ ነኝ ብዬ ማስመስከር የነበረብኝ ሁልጊዜ ነው።

ዓመታት አለፉና ነገሩ ተገለበጠ። እትዬን ግላኮማ የሚባል የዓይን በሽታ ያዛቸው። ሰው ያያሉ፣ በር ያያሉ፣ ፊደል አያዩም። አንባቢው እኔ ሆንኩ። ልጃቸው ቤዛ አገር ቤት ካሉት እህታቸው ጋር በቪዲዮ እንዲተያዩ ላፕቶፕ ገዛችላቸው፣ ቋንቋውንም በአማርኛ አደረገችው። ቤዛ ደብሊን ነው የምትኖረው፣ እዚሁ ኮሎምበስ ዳር ያለችው ከተማ፣ ቢሮ ትሠራለች። እዚህ ስትመጣ ትምህርት ቤት እንኳን አልገባችም ነበር። ጥሩ ልጅ ነች። ይህን የምለው አሁን ነው፣ ያኔ ብትጠይቁኝ ሌላ ነበር የምለው።

ቅዳሜ ከሰዓት እወርዳለሁ። እሳቸው ያዛሉ፣ እኔ አነባለሁ፣ እኔ እጫናለሁ። አሠራራችን ይኸው ነበር።

ያን ቅዳሜ የወንድማቸው ልጅ የሠርግ ቪዲዮ ነው የተባለ ሊንክ መጣላቸው፣ አንዲት የማኅበር ጓደኛቸው ያስተላለፈችው። ተጫንኩት። ገጹ በቅጡ ሳይከፈት ከላይ አንዲት ትንሽ መስኮት ዱብ አለች። አነበብኩላቸው። ይህ ድረ ገጽ ማሳወቂያዎችን ማሳየት ይፈልጋል። ፍቀድ። አግድ።

«ምኑን ነው የሚያሳውቀን?» አሉ።

«አይልም።»

«ጠይቆ ነው?»

«ጠይቆ ነው።»

«እንግዲያ ጨዋ ነው። ፍቀድለት።»

ፈቀድኩለት። እኔም ልክ መስሎኝ ነበር። በኛ ወግ አንኳኩቶ ልግባ ያለን ሰው ውጭ አታቆመውም። የሚፈራው ሳይጠይቅ የሚገባው ነው። ሌባ ፈቃድ ይጠይቃል ብሎ ማን ያስባል?

የተከፈተው ሠርግ አልነበረም። የመኪና ጎማ ማስታወቂያ ነበር። ሙሽሮቹን እየፈለግን ሳለን ከስክሪኑ ታች በቀኝ በኩል ቀይ ነገር ብቅ ብቅ ማለት ጀመረ። ኮምፒውተርዎ አደጋ ላይ ነው ይላል። አንዱን ስዘጋው ሌላው ይተካል። እትዬ «እኛን ነው?» አሉ። እኛን ነው አልኳቸው። ለማጽዳት እዚህ ይጫኑ የሚል መጣ። አጽዳ ተብዬ መቼ እምቢ ብዬ አውቃለሁ? ስንት ዓመት የሰው ወለል ያጸዳሁ ነኝ። ተጫንኩ።

ያን ጊዜ ትልቋ መስኮት መጣች። ቀስ ብዬ አነበብኳት፣ አልገመትኩም። ይህ ፕሮግራም በኮምፒውተርዎ ላይ ለውጥ እንዲያደርግና ከርቀት እንዲቆጣጠረው ይፈቀድለት ወይ ትላለች። ከሥሯ ሁለት ቁልፎች አሉ። አንዱ «እሺ» ይላል። ሌላው «ሰርዝ» ይላል።

«ሰርዝ» የሚለውን ሳይ እጄ ቆመ። ይህን ለሁሉም ሰው ማስረዳት አልችልም፣ ካምፕ የኖረ ያውቀዋል። ካምፕ ውስጥ ከሞት ቀጥሎ የሚፈራው ቃል እሱ ነው። የእህል ቀን ፀሐይ ላይ ትሰለፋለህ፣ ተራህ ይደርሳል፣ ስምህ ይፈለጋል፣ ይፈለጋል፣ ከዚያ «ተሰርዘሃል» ትባላለህ። ማን እንደሰረዘህ አይነገርህም። ለምን እንደሆነም አይነገርህም። የሆነ ሰው የሆነ ቦታ ላይ መስመር አስምሮብሃል፣ በቃ፣ የለህም። እኔ ሁለት ጊዜ ተሰርዣለሁ። እንደገና እስክመዘገብ የሰው ድንኳን ደጅ ቆሜ ነው የበላሁት።

ስለዚህ ለእትዬ ነገርኳቸው። «እትዬ፣ ሰርዝ የሚለውን ብነካው የሆነ ነገር ይጠፋል። ፎቶዎ ይሁን፣ የእህትዎ አድራሻ ይሁን አላውቅም። እሺ ልበለው?»

«እሺ…» አሉ።

ተጫንኩት።

ያን «እሺ» እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ መልሼ እሰማዋለሁ። ረዘም ያለ ነበር። መጨረሻው ወደ ላይ ተነሣ ወይስ ወደ ታች ወረደ? እንጃ። አንዳንዴ ተነሣ እላለሁ፣ አንዳንዴ ወረደ።

ስክሪኑ ጨለመና ተመለሰ። ከዚያ ቀስቷ ብቻዋን መሄድ ጀመረች።

«ደሜ፣ ቀስ በል እንጂ፣ ዓይኔ አይከተልህም» አሉ።

«እኔ አይደለሁም።»

«ታዲያ ማን ነው?»

«እርስዎ የነኩት ነገር አለ?»

«እኔ ሻይ ይዤ ነው።»

ሁለት እጄን አንሥቼ አሳየኋቸው። ቀስቷ ግን ኢሜይላቸውን ከፈተች። ወርዳ፣ ወጥታ፣ እዚያ ውስጥ ገባች። ቤቱ ውስጥ ከኛ ሌላ ሰው የተቀመጠ መሰለኝ፣ ዞር ብዬ ሁሉ አየሁ። ላፕቶፑን ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁት። እትዬ ከሶፋው ላይ ትራስ አምጥተው ጫኑበት። ሁለታችንም ትራሱን እያየን ተቀመጥን። ሊያስቀን ይገባ ነበር።

ትራሱ አልጠቀመንም። ሰውየው ወይም ሴትዮዋ፣ ማን እንደሆነ አይታወቅም፣ የሚፈልገውን ቀድሞ ወስዷል።

በማግስቱ እሑድ፣ እትዬ ለሚያውቁት ሰው ሁሉ በእሳቸው ስም መልእክት ደረሰ። ውድ ጓደኛዬ ሆይ፣ በሆስፒታል ውስጥ በጠና ታምሜያለሁ፣ ያለኸኝ አንተ ብቻ ነህ፣ የስጦታ ካርድ ገዝተህ ቁጥሩን ቶሎ ላክልኝ ይላል። ለማኅበር ሴቶች ሁሉ «አንተ» እያለ ነው የጻፈው። ግማሾቹ አማርኛውን አይተው ሳቁ። ግማሾቹ አንተውንም አንቺውንም ሳያዩ ሾርባ ይዘው እያለቀሱ መጡ። በሩን የከፈቱላቸው ራሳቸው እትዬ አስካለ ናቸው፣ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ነጠላቸውን እንኳን ሳያወልቁ። አንዷ ደንግጣ «እትዬ አስካለ እንዴት ናቸው?» ብላ እትዬ አስካለን ጠየቀቻቸው። እሳቸውም «ያው፣ እያየሽኝ» አሏት።

ካርድ የገዛ አልነበረም፣ እግዜር ይመስገን። ግን በእናቷ ስም እንዲህ ሲለመን ቤዛ ሰማች።

ሰኞ ከሥራ ቀርታ መጣች። ቀኑን ሙሉ ፓስወርድ ስትቀይር፣ ስልክ ስትደውል፣ ኮምፒውተሩን ስታጸዳ ዋለች። ከሰዓት አስጠራችኝ።

«ጋሼ ደመቀ፣ ይኼን ክሊክ ያደረግከው አንተ ነህ?»

ቤዛ ሰውን ሁሉ አንተ ነው የምትለው። አንቱታ አልያዘችም፣ እዚህ ያደጉት ልጆች እንዲያ ናቸው፣ ቂም የለኝም። ያን ቀን ግን አንተታዋ ከበደኝ።

«እናትሽ እሺ ብለውኝ ነው» አልኳት።

«ማሚ፣ እሺ ብለሻል?»

እትዬ «እሺ ማለቱንስ ብያለሁ» አሉ። የሚጨምሩት ያለ ይመስል ነበር። ጠበቅኩ፣ ቢያንስ የጠበቅኩ ይመስለኛል።

ቤዛ ለብቻዋ በእንግሊዝኛ አጉረመረመች። ከዚያ እኔ እዚያ እንዳልቆምኩ ሁሉ ወደ እናቷ ዞረች። «ማንበብ በደንብ ለማይችል ሰው ኮምፒውተርሽን እንዴት ትሰጪዋለሽ?»

አንብቤያለሁ እኮ። እያንዳንዷን ፊደል አንብቤያለሁ። አንዲት አልገመትኩም። ይህን ልል ነበር። ኮቴን አንሥቼ ወጣሁ።

ደረጃው ላይ ስደርስ ግራ ገባኝ። ያነበብኩት ልክ ነው። የተጫንኩትም የተባልኩትን ነው። ታዲያ ስሕተቱ የት ላይ ነው? ያላነበበ ሰው ይህ ሁሉ አይደርስበትም ነበር። ድሮ ፊደል ሳላውቅ ማንም በር ዘግቶብኝ አያውቅም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ወረድኩ። ቂም ይዤ ብዙ መቆየት አልችልም፣ በተለይ በእሳቸው ላይ። በራቸው ላይ አዲስ ደወል ተሰክቷል፣ ካሜራ ያለው፣ ክብ መብራት የሚያበራ። ተጫንኩት። በሩ አናገረኝ።

«ጋሼ፣ ማሚ እረፍት ላይ ናት» አለኝ፣ በቤዛ ድምፅ።

ወደ ኋላ ዞሬ አየሁ። ደረጃው ላይ ሰው የለም።

«ቤዛ? የት ነሽ?»

«ቤቴ ነኝ፣ ደብሊን።»

«ታዲያ እዚህ በር ላይ ምን ትሠሪያለሽ?»

መብራቱ ጠፋ። ከበር ጋር ስጣላ የታየሁ ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ሌላኛው ቅዳሜ ደግሜ ወረድኩ፣ ደግሜ ተጫንኩ። አሁን ድምፅዋ ለስለስ ብሏል፣ የቢሮ ድምፅ ነው። «ጋሼ፣ ለጊዜው አትምጣ፣ ፕሊስ። ፐርሰናል አይደለም። ለማሚም ነግሬያታለሁ፣ በሩን እንዳትከፍትልህ። እሺ ብላለች።»

እሺ ብላለች።

በልጅቷ መናደድ እችላለሁ። የፈረንጅ አገር ልጅ ነች፣ ለእናቷ ፈርታ ነው ልል እችላለሁ። እትዬ አስካለ ግን እሺ አሉ። ያ ወጥ ቤት፣ ያ ማንኪያ፣ ያ ሁሉ ዓመት፣ እሺ ተባለበት። ተመልሼ ወጣሁ። ለሦስተኛ ጊዜ ተሰረዝኩ አልኩ፣ የአሁኑ ግን የሰረዘኝን አውቀዋለሁ።

ከዚያ ወዲያ አልወረድኩም። ሬዲዮናቸው ከወለሉ ሥር ይሰማኛል። ሆን ብዬ ወለሉን እየረገጥኩ እሄድ ነበር፣ መኖሬን እንዲያውቁት። ያሳፍራል፣ ግን አደርገው ነበር።

በንዴት አንድ ነገር ጀመርኩ። ሰፈራችን ባለው ላይብረሪ ለትልልቅ ሰዎች የኮምፒውተር ትምህርት ይሰጣል። ተመዘገብኩ። ለመማር ብዬ አይደለም፣ ማንበብ እንደምችል ለማሳየት ነው። ለማን እንደማሳይ እንጃ።

የምታስተምረው ጡረታ የወጣች አሜሪካዊት ነች፣ ነጭ ፀጉር፣ መነጽሯ በክር አንገቷ ላይ የተንጠለጠለ። ቀስ ብላ ነው የምትናገረው፣ እንግሊዝኛዋ ይገባኛል። የደረሰብኝን በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ነገርኳት። እሷም የእኛን የመሰለች መስኮት ስክሪኑ ላይ አመጣችና ጠየቀችኝ። «ይኼን አንተ ጠርተኸው ነው?»

አልጠራሁትም አልኳት።

«እንግዲያ መልስ አይገባውም» አለች።

ነገሩ ያ ብቻ ነው አለችኝ። እህትህን በቪዲዮ ጠርተህ ማሽኑ ካሜራውን ልክፈት ካለህ፣ የጠራኸው አንተ ነህ፣ ፍቀድለት። ሳትጠራው ከመጣ፣ ካስፈራራህ፣ ቶሎ ቶሎ ካለህ፣ አዎም አይም አትበለው፣ ገጹን ዝጋው። አልዘጋ ካለህ ማሽኑን አጥፋው። የሚሰጥህን ስልክ ቁጥር አትደውል፣ የምታምነውን ሰው ራስህ በምታውቀው ቁጥር ደውለህ ጠይቅ። ግራ ከገባህ ደግሞ ሳትነካ ቁጭ በል፣ ማሽን ጠብቆ አይሞትም አለች። በበር ላይ ብናስበው እኛም የምናውቀው ነገር ነው። ሰው ሲያንኳኳ ከውስጥ «ማነው?» እንላለን። «እኔ ነኝ» ካለን «እኔ ማን?» እንላለን። ስሙን ሳይናገር ማንም አይገባም። ኮምፒውተሩን ግን ማነው ብሎ የጠየቀው አልነበረም። ጨዋ ነው ብለን ነው ያስገባነው።

ልወጣ ስል አንድ ነገር ጠየቅኳት። ሰርዝ የሚለው ቁልፍ፣ በእነሱ «ካንስል» የሚባለው፣ ምንድን ነው የሚሰርዘው? ጥያቄው አልገባትም። «ማንን ነው የሚሰርዘው?» አልኳት።

«ማንንም» አለች። «ጥያቄውን ብቻ ነው የሚሰርዘው።»

መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ሞተር ሳላስነሣ ተቀመጥኩ። የተሰማኝ ንዴት ይሁን ሳቅ አላውቅም። ሰርዝን ያን ያህል ፈርቼ እሺን ተጫንኩ። የሚያስፈራው እሺ ኖሯል። ይህን ለአንድ ሰው መንገር አማረኝ። መንገር የምፈልገው ሰው በር ደግሞ በቤዛ ድምፅ ነው የሚናገረው።

ግንቦት ላይ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ በመስኮት ሳይ ከሕንጻችን ፊት የዕቃ ትራክ ቆሟል። ሁለት ጎረምሶች ካርቶን ይዘው ቆመዋል። ቤዛ እናቷን ደብሊን ቤቷ ልታስገባ እንደሆነ ከጎረቤት ሰምቼ ነበር። ሄዱ በቃ አልኩ። መጋረጃውን መለስኩና ተቀመጥኩ። ደህና ሁኑ ለማለት እንኳን ደወል መጫን ነው ያለብኝ፣ እሱን ደግሞ አላደርገውም።

በሬ ተንኳኳ። ቤዛ ነች። ላብ አጥምቋታል።

«ጋሼ፣ ፕሊስ፣ ና ማሚን አናግርልኝ። አልጋዋ ላይ ተቀምጣ አትነሣም።»

«በሩ ይፈቅድልኛል?» አልኳት።

አንገቷን ደፋች። ብዙ የምናገረው ነበረኝ፣ ክረምቱን ሙሉ ስደረድረው የከረምኩት። አልተናገርኩትም። ወረድኩ።

እትዬ አስካለ አልጋቸው ጠርዝ ላይ እግራቸውን አንጠልጥለው ተቀምጠዋል። አንዲት ማንኪያ እንኳን ካርቶን አልገባችም። ኮቴዬን ሲሰሙ ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩ።

«መጣህ፣ አንተ ረጋጭ? ራሴ ላይ ስትዘል ከርመህ።»

ቤዛ አላስጨረሰቻቸውም። «ማሚ፣ ጠይቄሽ ነበር እኮ። እኔ ጋ ትገቢያለሽ ወይ አልኩሽ፣ እሺ አልሽኝ። ቤዝመንቱን ሪሞደል አድርጌ ክፍል ሠራሁልሽ። ትራኩን ሬንት አደረግኩ። ሰዎቹ ውጭ ቆመዋል።»

«እሺ አልኩሽ። እገባለሁ አልኩሽ?»

«እሺ ማለት ኦኬ ማለት ነው፣ ማሚ።»

«እሺ ማለት ሰማሁሽ ማለት ነው» አሉ እትዬ። «ሰማሁሽ፣ አስብበታለሁ፣ አሁን ተይኝ ማለት ነው። የምሄድ ስሆን እሄዳለሁ እላለሁ።»

ቤዛ ወደ እኔ ዞረች፣ እንዲህ ነው እንዴ በሚል ዓይን። ምን ልበላት? እንዲህ ነው። እኔም ስንቱን በእሺ ሸኝቻለሁ። እኛ ዘንድ ሰውን ፊት ለፊት እምቢ ማለት ይከብዳል፣ እሺ እንለዋለን፣ ሰውየው ካወቀበት ከድምፁ ይገባዋል። ካላወቀበት ትራክ ይዞ ይመጣል።

ቤዛ ካርቶኑ ላይ ተቀመጠች። ቀስ ብላ ጠየቀች። «ታዲያ ያኔ… ኮምፒውተሩ ላይ… ለጋሼ እሺ ስትይው?»

«እየሰማሁት ነበር» አሉ። «ሰርዝ የምትለዋን ሲያነብ ድምፁ ተንቀጠቀጠ። ምን ነካው ብዬ እያሰብኩ ነበር። እሱ ደግሞ ተጫነው።»

ስለዚህ አልፈቀዱም። ስለዚህ የፈቀድኩት እኔ ነኝ? እኔስ መቼ ፈቀድኩ፣ እሳቸው ያሉትን ነው ያልኩት። በዚያ ቤት ውስጥ ያን ቀን ማንም ሳይፈቅድ ነው ለካ ሌባው የተፈቀደለት። ኮምፒውተሩ ድምፅ አይሰማም፣ ይነሣ ይውረድ አያውቅም። ለእሱ እሺ እሺ ነው። ለቤዛም እንደዚያው።

«ለምን ያኔ አልተናገሩም?» አልኳቸው።

«እሷ እንግሊዝኛ ጀመረች፣ አንተ ኮትህን አነሣህ። ማን ጠበቀኝ?»

ጠብቄያለሁ። እሳቸው አልጠበቅክም ይላሉ። እስከ ዛሬ በዚህ አልተስማማንም።

ከዚያ ክረምቱን ሙሉ ይዤው የከረምኩትን አወጣሁት። «እኔ እንዳልመጣ ግን እሺ ብለዋል።»

«አትክፈቺለት አለችኝ፣ እሺ አልኳት። ብትመጣ ኖሮ እከፍትልህ ነበር። መቼ መጣህና?»

«ሁለት ቅዳሜ መጥቻለሁ። ደውያለሁ።»

«ደወል የሚባል አልሰማሁም።»

ቤዛ ናት የተናገረችው፣ ወለሉን እያየች። ደወሉ የሚጮኸው የእሷ ስልክ ላይ ነው። ቤት ውስጥ አይሰማም። ደብሊን ነው የሚጮኸው።

እትዬ አስካለ ድምፄ ወዳለበት ዞሩ። «አንተስ እጅ የለህም? ለምን አታንኳኳም?»

ቁልፍ አየሁ፣ ተጫንኩ። ዕድሜዬን ሙሉ በር በእጄ ነው ያንኳኳሁት፣ በዚያ በር ላይ ብቻ ነው እጄን የረሳሁት። አንድ ጊዜ በጣቴ አጥንት ቆርቆር ባደርገው ያ ሁሉ ክረምት አልነበረም።

ትራኩ ባዶውን ተመለሰ። ቤዛ ደረጃው ላይ ጠበቀችኝ። ስለ ማንበቡ የተናገረችውን አነሣች፣ ፊቷ ቀላ። አንቱ ልትለኝ ሞከረችና ተምታታባት። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልህ» አለችኝ።

«እሺ» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። «የቱ እሺ ነው?»

«ሰምቼሻለሁ» አልኳት። ያን ቀን ከዚያ በላይ አልነበረኝም፣ የሌለኝን አልሰጥም።

አሁን ምን እንደሚሰማኝ ብትጠይቁኝ፣ ግራ መጋባቱ አልወጣልኝም። ንዴቱም ሙሉ በሙሉ አልወጣም። ማንበብ አይችልም የምትለዋ ቃል፣ ተናጋሪዋ ብትመልሳትም፣ ሰሚው ዘንድ ትቀራለች። ግን አንድ ነገር ተምሬያለሁ፣ ለሚያነብ ሁሉ እነግራለሁ። ማሽን ሲጠይቃችሁ ጨዋ ነው አትበሉ። ጠርቼሃለሁ ወይ በሉት። ለእናት አባቶቻችሁ ኮምፒውተር ስትሰጡ ደግሞ እሺ ማለት እዚያ ውስጥ ሌላ ቃል እንደሆነ አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ወረድኩ። አንኳኳሁ። «ማነው?» አሉ ከውስጥ። «እኔ ነኝ» አልኩ። «እኔ ማን?» አሉ፣ እያወቁኝ። ቤዛም ነበረች፣ የሠርጉን ቪዲዮ ከአክስቷ በቀጥታ አስልካ። ሦስታችንም ላፕቶፑ ፊት ተቀመጥን። ኮምፒውተር ፊት እሺ የሚባል ቃል ቀርቷል፣ የሚባለው «ተጫን» ወይም «ዝጋ» ነው። ይህን ደንብ ያወጣችው ቤዛ ነች።

ሙሽሮቹ ሊገቡ ሲሉ የሆነች መስኮት ብቅ አለች። አንድ ነገር ላድስልዎ ወይ ትላለች። እሺ። ሰርዝ። ጮክ ብዬ አነበብኳት።

«ጠርተነዋል?» አሉ እትዬ።

«አልጠራነውም።»

«ሰርዘው።»

ቤዛ እጇን አልዘረጋችም። እኔን ጠበቀች። ሰርዝን ተጫንኩት። መስኮቷ ጠፋች፣ ማንም አልተሰረዘም፣ ሙሽሮቹ ገቡ። ያኔ ነው ወደ ልጅቷ ዞሬ ሙሉውን ቃል ያልኳት፦ «ይቅር ብዬሻለሁ።»

ቀኑን አልረሳውም፣ ግንቦት 16 ነበር።